ሰባተኛው ሕመምተኛ፦ የሕክምና ተማሪዎች ሊሟገቱበት የሚገባ ጥያቄ

እስቲ አንድ የሕክምና ትምህርት ክፍል በዓይነ ኅሊናችን እንመልከት። መምህሩ እንደ ወትሮው የበሽታ ምልክትና የመድኃኒት መጠን በመጻፍ ፈንታ በሰሌዳው ላይ አራት ሰዎችን ይዘረዝራሉ። አንደኛው ሊመረቅ ጥቂት ወራት የቀሩት የ24 ዓመት ወጣት ነው። ሁለተኛዋ አራት ልጆችን ብቻዋን የምታሳድግ የ41 ዓመት እናት ናት። ሦስተኛው የሕክምናቸውን ወጪ ሙሉ በሙሉ መክፈል የሚችሉ የ63 ዓመት ነጋዴ ናቸው። አራተኛው ከሁሉም ቀድሞ የተመዘገበ፣ ነገር ግን መኖሪያው ከከተማው 200 ኪሎ ሜትር የራቀ፣ በከተማው ማደሪያም ዘመድም የሌለው የ35 ዓመት የቀን ሠራተኛ ነው። የአራቱም ኩላሊት ሥራውን አቁሟል። በሆስፒታሉ የኩላሊት እጥበት ክፍል ያለው ክፍት ቦታ ግን አንድ ብቻ ነው። መምህሩ ጠመኔያቸውን ያስቀምጡና «ለማን እንስጥ?» ብለው ይጠይቃሉ።

ይህ ምሳሌ ለመወያያ የተፈጠረ ነው፤ ጥያቄው ግን የፈጠራ አይደለም። ያለው መሣሪያ፣ ገንዘብና ባለሙያ ከሚያስፈልገው ባነሰበት ስፍራ ሁሉ በየዕለቱ ይነሣል፤ በየዕለቱም መልስ ያገኛል። መልሱ አንዳንድ ጊዜ በግልጽ ውይይት ይሰጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚሰጠው በዝምታ፣ በወረፋ መርዘም፣ በኪስ ማጠር ወይም በአንድ ተረኛ ሐኪም የሌሊት ውሳኔ ነው። በዚህ ጽሑፋችን ከኩላሊት እጥበት ታሪክ ተነሥተን፣ የጤና ፖሊሲና የሕክምና ሥነ ምግባር ጥያቄዎች በሕክምና ትምህርት ቤቶች ለምን በሙግት መልክ ሊቀርቡ እንደሚገባ ለማሳየት እንሞክራለን። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባብያን ልብ እንዲሉልን እናሳስባለን።

ማሽኑ ምን ይሠራል?

ስለ ፍትሕ ከመሟገታችን በፊት ስለ ተፈጥሮ ጥቂት ማወቅ ይገባናል። እያንዳንዱ ኩላሊት ኔፍሮን የሚባሉ አንድ ሚሊዮን ያህል ጥቃቅን የማጣሪያ ክፍሎች አሉት። የጤነኛ ሰው ሁለት ኩላሊቶች በአንድ ቀን 180 ሊትር ያህል ፈሳሽ ከደም ያጣራሉ፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው ወደ ደም ተመልሶ በሽንት መልክ የሚወጣው ከአንድ እስከ ሁለት ሊትር ብቻ ነው። የማጣራት ዐቅማቸው ከጤነኛው መጠን ወደ 15 በመቶና ከዚያ በታች ሲወርድ ዩሪያን የመሳሰሉ ቆሻሻዎች፣ ትርፍ ውኃና ፖታሲየም በሰውነት ውስጥ ይጠራቀማሉ። የፖታሲየም መጠን ከልክ ካለፈ የልብን ምት እስከ ማቆም ይደርሳል።

የኩላሊት እጥበት ማሽን ይህን ሥራ በከፊል ይተካል። የሕመምተኛው ደም በቀጭን ስስ ሽፋን በአንድ ወገን ሲያልፍ በሌላው ወገን የተመጠነ የጨው ውሁድ በተቃራኒ አቅጣጫ ይፈሳል። ቆሻሻው ከበዛበት ወደ አነሰበት ይሻገራል፤ የደም ሕዋሳትና ትልልቅ ፕሮቲኖች ግን በሽፋኑ ቀዳዳዎች ማለፍ ስለማይችሉ ይቀራሉ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «ዲፊዩዥን» ተብሎ የተማርነው ክንውን የሰው ሕይወት የሚታደገው በዚህ መንገድ ነው።

እጥበቱ በተለመደው አሠራር በሳምንት ሦስት ጊዜ ይሰጣል፤ እያንዳንዱም አራት ሰዓት ያህል ይፈጃል። አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። አንድ ማሽን በቀን ሦስት ፈረቃ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ቢሠራ በሳምንት 18 እጥበቶችን ያከናውናል። ይህ ለሦስት ሲካፈል ስድስት ይሆናል። ስለዚህ አንድ ማሽን ያለ ዕረፍት ቢሠራ በሕይወት ሊያቆይ የሚችለው ስድስት ሰዎችን ነው። የፖሊሲውም የሥነ ምግባሩም ጥያቄ የሚጀምረው በሰባተኛው ሕመምተኛ ላይ ነው።

የሲያትል ሰባት ዳኞች

የመጀመሪያውን ለአገልግሎት የበቃ ሰው ሠራሽ ኩላሊት የሠራው ሆላንዳዊው ሐኪም ቪለም ኮልፍ ነው። ኮልፍ ማሽኑን የሠራው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ አገሩ በጀርመን ጦር በተያዘችበት ጊዜ፣ ለቋሊማ መጠቅለያ የሚያገለግል ሴሎፋን በመጠቀም ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሕመምተኞች አልዳኑም። በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት በማሽኑ እርዳታ ከሞት ተረፉ። ሆኖም በእያንዳንዱ እጥበት የደም ሥር እየተበሳ ስለሚበላሽ ማሽኑ የሚረዳው ኩላሊታቸው ለጥቂት ጊዜ ብቻ ሥራ ያቆመባቸውን ሰዎች ነበር።

ይህን እንቅፋት በ1960 ያስወገደው በአሜሪካ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የነበረው ቤልዲንግ ስክሪብነር ነው። ከቴፍሎን የተሠራ ቀጭን ቱቦ በክንድ ላይ በቋሚነት በመትከል ሕመምተኛው ሳይበሳ ደጋግሞ ከማሽኑ ጋር እንዲገናኝ አስቻለ። የመጀመሪያው ተጠቃሚ ክላይድ ሺልድስ የሚባል የ39 ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ በቀናት ውስጥ ይሞታል ተብሎ የነበረው ይህ ሰው እስከ 1971 ድረስ ኖሯል። ይገድል የነበረ በሽታ አብሮት የሚኖሩት በሽታ ሆነ።

ዳሩ ግን ሳይንሱ የፈታውን ያህል አዲስ ችግር ፈጠረ። በጥር 1962 በሲያትል ከተማ የተከፈተው የኩላሊት ማዕከል ሥራውን የጀመረው በሦስት አልጋዎች ነበር፤ ሕክምናውን የሚሹት ግን እጅግ ብዙ ነበሩ። ሐኪሞች በሕክምና መስፈርት ብቁ የሆኑትን ከለዩ በኋላ የመጨረሻውን ምርጫ ስማቸው በምስጢር ለተያዘ ሰባት ሰዎች ሰጡ። ከእነርሱም ውስጥ አንድ ጠበቃ፣ አንድ የሃይማኖት አገልጋይ፣ አንድ የባንክ ሰው፣ አንዲት የቤት እመቤት፣ አንድ የመንግሥት ሹም፣ አንድ የሠራተኛ ማኅበር መሪና አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ይገኙ ነበር። ኮሚቴው የሕመምተኛውን ዕድሜ፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ የልጆች ብዛት፣ ገቢና ሀብት፣ ትምህርትና ሥራ፣ የቀድሞ ጠባይና ወደፊት ሊያበረክት የሚችለውን ሁሉ ይመዝን ነበር።

በኅዳር 1962 ጋዜጠኛዋ ሻና አሌክሳንደር የኮሚቴውን አሠራር «ላይፍ» በተባለው መጽሔት ላይ ስታወጣ አገር ተነጋገረበት። በ1968 አንድ የሥነ አእምሮ ሐኪምና አንድ የሕግ ምሁር በጋራ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ኮሚቴው የራሱን የመካከለኛ መደብ ልማድና ግብረ ገብ የሰው ሕይወት መለኪያ አድርጎታል ሲሉ ተቹ። በነርሱ አመለካከት እንዲህ ባለ ሚዛን ከተለመደው የኑሮ ዘይቤ ወጣ ያለ ሰው ሁሉ ይሸነፋል።

ክርክሩ ከሆስፒታል ወደ ምክር ቤት ተሻገረ። በ1971 አንድ ሕመምተኛ በአሜሪካ የምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ከማሽኑ ጋር ተገናኝቶ ምስክርነት ሰጠ። በጥቅምት 1972 የወጣው ሕግ ደግሞ ኩላሊታቸው ሥራ ላቆመ አብዛኞቹ ዜጎች የሕክምናው ወጪ በመንግሥት የጤና መድን እንዲሸፈን አደረገ። በዚህም የሲያትሉ ዓይነት ምርጫ አስፈላጊነቱ አበቃ። ይሁን እንጂ ሌላ ጥያቄ ተተካ፦ ለኩላሊት የተከፈተው የመንግሥት ካዝና ለሌሎች ገዳይ በሽታዎች ለምን አልተከፈተም? ሰባተኛው ሕመምተኛ አልጠፋም፤ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወረ እንጂ።

ከደርባን የመጣው ክስ

ሀብታም አገር ምርጫውን በገንዘብ ሊያልፈው ይችል ይሆናል። ይህ ዐቅም የሌለው አገርስ? ለዚህ በአፍሪካ ምድር የተሰጠ አንድ ታላቅ ፍርድ እናስታውስ።

በ1997 የ41 ዓመት ዕድሜ የነበራቸው ሥራ አጥ ደቡብ አፍሪካዊ፣ ቲያግራጅ ሱብራመኒ፣ በደርባን ከተማ በሚገኘው የአዲንግተን ሆስፒታል የኩላሊት እጥበት እንዲሰጣቸው ጠየቁ። ሰውየው የስኳርና የልብ ሕመምተኛ ነበሩ፤ ቀደም ሲልም የአንጎል ደም ሥር አደጋ ደርሶባቸዋል። በግል ሐኪም ቤት ይታከሙ የነበረው ገንዘባቸው እስኪያልቅ ነበር። ሆስፒታሉ የነበሩት 20 ማሽኖች ሲሆኑ ከፊሎቹ ያረጁ ነበሩ። ማሽኖቹ ሁሉንም ስለማያዳርሱ ቅድሚያ የሚሰጠው የኩላሊት ንቅለ ተከላ ሊደረግላቸው ለሚችሉ ሰዎች ነበር። ሱብራመኒ በልባቸው ሕመም ምክንያት ይህን መስፈርት አላሟሉም።

ጉዳዩ እስከ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ደረሰ። የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ማንም ሰው የድንገተኛ ሕክምና እንዳይከለከል ያዝዛል። ፍርድ ቤቱ ግን በኅዳር 1997 በሰጠው ውሳኔ ለዓመታት የሚቀጥል እጥበት በዚህ አንቀጽ አነጋገር «ድንገተኛ» እንደማይባል፣ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብትም ባለው የመንግሥት ሀብት የተወሰነ መሆኑን፣ የሆስፒታሉ መመሪያ ምክንያታዊና ያለ አድልዎ በሥራ ላይ የዋለ እንደሆነ ገልጾ ክሱን ውድቅ አደረገ። ሱብራመኒ ከፍርዱ በኋላ ጥቂት ቀናት ብቻ ቆይተው አረፉ።

ይህን ፍርድ ያነበበ ሁሉ ልቡ ይከፈላል። ሆኖም በሲያትልና በደርባን መካከል ያለውን ልዩነት መዘንጋት የለብንም። በሲያትል መመዘኛው የሰውየው ማንነት ነበር፤ ምርጫውም በዝግ በር ይካሄድ ነበር። በደርባን መመዘኛው የሕክምናው ውጤት ነበር፤ አስቀድሞ በጽሑፍ የሰፈረ፣ በፍርድ ቤት ሊመረመር የሚችል፣ ምክንያቱም በአደባባይ የተነገረ ነበር። ሁለቱም ሞትን አላስቀሩም። ነገር ግን ሕመምተኛው «ለምን እኔ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ የሚሰጠው አካል መኖሩ ራሱ የፍትሕ አንድ ክፍል ነው።

ጥያቄው በአገራችን

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና፣ ለትምህርትና ለሌሎች ማኅበራዊ አገልግሎቶች በየጊዜው እየጨመረ የሚሄድ ሀብት የመመደብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። በ1993 የወጣው የጤና ፖሊሲ ትኩረቱን በበሽታ መከላከልና በመሠረታዊ የጤና አገልግሎት ላይ አደረገ። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ባለሙያዎችን እየመደበ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞችን አሰማራ። አገሪቱ ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ሞት ከ1990 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት በሁለት ሦስተኛ መቀነሷ በ2013 ይፋ ሲደረግ፣ ክትባት፣ የወባ አጎበርና የቤት ለቤት ትምህርት ምን ያህል ሕይወት እንደሚያድኑ ታየ።

በሌላ በኩል በመዲናችን ጎዳናዎች የሕመምተኛ ፎቶግራፍ ለጥፈው፣ በድምፅ ማጉያ «ወገን ድረሱልን» እያሉ ለኩላሊት ሕክምና ገንዘብ የሚያሰባስቡ መኪኖችን ያላየ የለም። የእጥበቱ ወጪ ከብዶባቸው በሳምንት ሦስት ጊዜ መታጠብ ሲገባቸው በሁለት የሚወሰኑ ብዙዎች ናቸው። በመስከረም 2015 በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የተካሄደው የአገሪቱ የመጀመሪያ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ታላቅ ተስፋ ሰጥቷል፤ ግን ንቅለ ተከላም ለጋሽ ይፈልጋል፤ ከዚያም በኋላ ዕድሜ ልክ የሚወሰድ መድኃኒት አለ።

እንግዲህ ሁለት እውነቶች ፊት ለፊት ይገጥማሉ። አንደኛው በስታቲስቲክስ ውስጥ የሚኖረው፣ ስሙ የማይታወቅ፣ በክትባት ሳይታመም የቀረው ሕፃን ነው። ሁለተኛው ስምና መልክ ያለው፣ በር ላይ የቆመው ሕመምተኛ ነው። የሥነ ምግባር ሊቁ አልበርት ጆንሰን በ1986 እንዳመለከተው፣ ሰው ዓይኑ እያየ የሚሰጥመውን ለማዳን ዋጋ አይቆጥርም፤ ወደፊት ሊሰጥሙ ለሚችሉት ድልድይ ለመሥራት ግን በጀት ይተምናል። ይህ ስሜት ሰብአዊነታችን ነው፤ ብቻውን ፖሊሲ ሊሆን ግን አይችልም።

ተማሪዎቹ ሲሟገቱ

ወደ ክፍላችን እንመለስ። አንዱ ተማሪ «ቀድሞ የተመዘገበ ይቅደም፤ ወረፋ ማንንም አያዳላም» ይላል። ሌላዋ «ወረፋ የሚይዘው መረጃና መጓጓዣ ያለው ነው፤ ከሩቅ ያለው ሳይሰማ ይሞታል» ብላ ትመልሳለች።

«እንግዲያስ ዕጣ ይውጣ፤ እቁብ ስንጥል ማን ተጣልቶ ያውቃል?» ይላል ሦስተኛው። ሐሳቡ ከባህላችን የፈለቀ በመሆኑ ይጥማል። ነገር ግን በእቁብ ዕጣ ያልወጣለት ሰው ተራው አይቀርም፤ ዘግይቶም ቢሆን ይደርሰዋል። በኩላሊት እጥበት ግን ያልወጣለት ሁለተኛ ዙር ላያይ ይችላል።

«ብዙ ዕድሜ የሚያተርፈው ይመረጥ» የሚለው አራተኛው ሐሳብ ሳይንሳዊ ይመስላል። ሆኖም ድኻ ዘግይቶ ስለሚመጣና ተደራራቢ በሽታ ስለሚበዛበት፣ በፊት በር የወጣው አድልዎ በጓሮ በር እንዳይመለስ ያሠጋል። «ነጋዴው ይክፈሉና ገንዘባቸው ለሌላ ሰው ቦታ ይክፈት» የሚልም አይጠፋም። «ለአራት ልጆች እናት!» የሚለው ድምፅ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ልብ ይነካል፤ ግን ልጅ ያልወለደችው ሴት ሕይወት ያንሳል ማለት ነውን? የሲያትል ኮሚቴ የተሰናከለው በዚህ ድንጋይ ነበር።

ሙግቱ ሲበስል አንዲት ተማሪ ተነሥታ «የአራተኛው ሰው ችግር ኩላሊት ነው ወይስ ማደሪያ?» ብላ ትጠይቅ ይሆናል። በእኛ አስተያየት የሕክምና ሥነ ምግባር ወደ ጤና ፖሊሲ የሚሻገረው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ማደሪያ ማጣት የሰውነት ጉድለት አይደለም፤ ሊጠገን የሚችል የሥርዓት ጉድለት ነው። እንደዚሁም «ለማን እንስጥ?» ከሚለው ጀርባ «ቦታው ለምን አንድ ብቻ ሆነ?» እና «የደም ግፊትና የስኳር በሽታ ኩላሊትን ከመጉዳታቸው በፊት ለምን አልተደረሰባቸውም?» የሚሉ ጥያቄዎች ቆመዋል።

እኛ ወደየትኛው እንደምናዘነብል እንናገር። በመጀመሪያ ሕክምናው በእርግጥ የሚጠቅማቸው ይለዩ፤ በጥቅሙ ተቀራራቢ በሆኑት መካከል ግን ወረፋ ወይም ዕጣ ይወስን። ሀብት፣ ማዕረግና የቤተሰብ ሁኔታ ከሚዛኑ ይውጡ። ከመኖሪያው ርቀት የተነሣ ማንም እንዳይወድቅ ሆስፒታሉ ማደሪያን የሕክምናው አካል አድርጎ ይቁጠር። በዚህ የማይስማሙ አንባብያን እንደሚኖሩ እናውቃለን፤ እንዲሟገቱንም እንሻለን።

ሙግት በሥርዓት

ሙግት ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በቀድሞው የዳኝነት ሥርዓት ባለጉዳዮች «ተጠየቅ»፣ «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በሕዝብ ፊት ይከራከሩ ነበር። ለሕክምና ትምህርት ቤት ግን አንደበተ ርቱዕነት ብቻውን አይበቃም። ስለዚህ አራት ነጥቦችን እንጠቁማለን።

አንደኛ፣ መረጃና ፍርድ ይለዩ። ማሽኑ ስድስት ሰው ያስተናግዳል ማለት ሒሳብ ነው፤ ስድስቱ እነማን ይሁኑ ማለት ግን ሒሳብ አይደለም። በቶም ቦሻምፕና በጀምስ ቺልድረስ መጽሐፍ ከ1979 ጀምሮ የታወቁት አራቱ መርሆች፣ ማለትም የሕመምተኛውን የመወሰን መብት ማክበር፣ በጎ ማድረግ፣ አለመጉዳትና ፍትሐዊነት፣ ውይይቱን ለመክፈት ይረዳሉ። እርስ በርስ ሲጋጩ ግን ማን እንደሚያሸንፍ አይነግሩንም።

ሁለተኛ፣ ተሟጋቾች በመካከሉ ወገን ይለዋወጡ። ለእናቲቱ የተሟገተ ተማሪ ለቀን ሠራተኛው ሲሟገት የራሱን አድልዎ ያያል።

ሦስተኛ፣ ውሳኔው ምክንያቱን ይዞ ይጻፍ። ኖርማን ዳንኤልስና ጀምስ ሳቢን በ1997 ያቀረቡት ሐሳብ ለዚህ ይጠቅማል፦ ሰዎች በግብ ባይስማሙም እንኳ ምክንያቱ ይፋ ከሆነ፣ ከጉዳዩ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ይግባኝ ካለበትና አፈጻጸሙን የሚቆጣጠር ካለ ውሳኔውን ፍትሐዊ ብለው ሊቀበሉት ይችላሉ።

አራተኛ፣ የሕመምተኛ ምስጢር ይጠበቅ። የእውነተኛ ሰው ታሪክ ለክርክር ሲቀርብ በፈቃዱና ማንነቱ ሳይታወቅ ይሁን።

«ክርክር ሐኪምን ከሥራው ያዘናጋል፤ ፖሊሲ የሹማምንት ነው» የሚሉ ወገኖች አሉ። ለተማሪው ጊዜ ማሰባቸው መልካም ነው። ነገር ግን በመጋቢት 2020 የኮሮና ወረርሽኝ ሰሜን ጣሊያንን ባጥለቀለቀ ጊዜ የአገሪቱ የጽኑ ሕሙማን ሐኪሞች ማኅበር አልጋው ለማን ይሰጥ በሚለው ላይ መመሪያ ለማውጣት የተገደደው በጥድፊያ መካከል ነበር። አስቀድሞ ያልታሰበበትን ጥያቄ በእሳት መካከል ማሰብ ይከብዳል። ሐኪም በአልጋው አጠገብ ሲቆም የዚያ አንድ ሕመምተኛ ጠበቃ ነው፤ በኮሚቴ ሲቀመጥ ደግሞ በበሩ ላልደረሱት ሁሉ ይሟገታል። ሁለቱን ኃላፊነቶች ለይቶ መሸከም የሚማረው በተግባር ነው፤ ልምምዱም የሰው ሕይወት በማይጠፋበት ክፍል ውስጥ ቢጀመር ይሻላል።

አበው «ዝም አይነቅዝም» ቢሉም «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለታቸውንም አንርሳ። የሀብት እጥረትም እንደዚሁ የተደበቀ በሽታ ነው። ሰባተኛውን ሕመምተኛ በዝምታ የምንመልሰው ከሆነ ለምን እንደተመለሰ የሚያውቅ፣ ነገ እንዳይመለስ የሚሠራም አይኖርም። የዛሬ ተማሪዎቻችን ሁሉንም የሚያስደስት መልስ ላያገኙ ይችላሉ። በር ላይ ለቆመው ሰው ዓይኑን እያዩ ሊነግሩት የሚችሉትን ምክንያት መፈለግ ግን ከአሁኑ ሊጀምሩ ይገባል።